ከጀርባዬ በስተቀኝ

ሰው "ሥራህ ምንድን ነው?" ሲለኝ "ሆስፒታል አልጋ እገፋለሁ" ማለት ይቀለኝ ነበር። ውሸትም አይደለም። ስቶክሆልም ዳር፣ ፍሌሚንግስቤሪ ያለው ትልቁ ሆስፒታል ውስጥ በሽተኛ ከክፍሉ ወደ ራጅ፣ ከራጅ ወደ ክፍሉ የምገፋ ሰው ነበርኩ። ከሰዓት በኋላ የምሠራውን ግን ለሐበሻ ማስረዳት አቅቶኛል። ሞክሬያለሁ። "ሙዚቃ ነው" ስል "ክራር ነው ኪቦርድ?" ይሉኛል። "ሁለቱም አይደለም፤ መሣሪያውንም ራሴ ነኝ የምሠራው" ስል ደስ ይላቸዋል። "እስኪ አሰማን" ይላሉ። ካሴቱን ስከፍተው አንዱ በትሕትና "ቴፑ ተበላሽቶ ነው መሰለኝ" ይላል። ቴፑ ደህና ነው። ሥራዬ እንደዚያ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ደሴ ነው። እዚያ ሬዲዮ እጠግን ነበር። ደንበኞቼ የሚፈልጉት ጣቢያ አጥርቶ የሚይዝ ሬዲዮ ነው፤ እኔ የምወደው ደግሞ በሁለት ጣቢያዎች መካከል ያለውን ነበር፤ ፉጨቱን፣ መንሿሿቱን፣ ቃል ሊሆን ሲል የሚጠፋውን ድምፅ። ስቶክሆልም ስመጣ፣ አላህ ይስጣቸውና፣ ስዊድኖች ያልሞተ ዕቃ የሚጥሉ ሰዎች ሆነው አገኘኋቸው። በየሕንፃው ምድር ቤት ግሮቭሶፕሩም የሚሉት የትልልቅ ቆሻሻ ክፍል አለ። ቴሌቪዥኑ፣ አምፕሊፋየሩ፣ የልጅ ኦርጋኑ እዚያ ተደርድሮ ይጠብቅሃል። እህቴ እዚያ ውስጥ ጎንበስ ብዬ ስበረብር ብታየኝ በሀፍረት መሬት ትገባ ነበር።

ጓደኛዬንም ያገኘሁት እዚያው ነው። አንድ አሮጌ አምፕሊፋየር እሱ በአንድ ጎን፣ እኔ በሌላው ይዘን ተፋጠጥን። የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ስዊድናዊ፣ ረጅም፣ ንግግር የሚቆጥብ። "ምን ልታደርግበት ነው?" አለኝ። "ላስጮኸው" አልኩት በዚያ በተሰባበረ ስዊድንኛዬ። "እኔም" አለ። በቃ፣ ከዚያ ወዲህ አልተለያየንም።

የምንሠራው በእሱ ሕንፃ ሥር ባለው የቦምብ መጠለያ ውስጥ ነበር። ስዊድኖች ጦርነት ሳይኖራቸው ከየቤታቸው ሥር መጠለያ ሠርተዋል፤ እኛ ጦርነቱ እያለን መጠለያ አልነበረንም። ይህን ስነግረው ቀልድ መሆኑ አልገባውም፤ ይቅርታ ጠየቀኝ። የክፍሉ በር ወፍራም ብረት ነው፤ ከተዘጋ ውጪ ያለ ሰው ምንም አይሰማም። የመጀመሪያው ሲንተሳይዘራችን የተገጠመው በእንጨት የዳቦ ሳጥን ውስጥ ነው። ውስጡ ድምፅ የሚያመነጩ ሰርኪቶች፣ ከላዩ ከሬዲዮ የተነቀሉ ቮልዩሞች፣ ከጎኑ ሁለት የተላጡ ሽቦዎች። ሽቦዎቹን በእርጥብ ጣት ስትነካቸው ይጮኻል፣ ስትለቃቸው ያጉረመርማል። ጣትህ ደረቅ ከሆነ ይለግምብሃል፤ ፈርተህ ካላበህ ደግሞ ያብዳል። እንደ እኔ ላለ ድንጉጥ ሰው አስቸጋሪ መሣሪያ ነበር።

ከጩኸቱ ጋር የምንቀላቅለው ሌላ ነገር ነበረን። ከአሮጌ ካሴት መቅጃዎች የነቀልናቸውን ሽምብራ የሚያካክሉ ማይክሮፎኖች በስፖንጅ ጠቅልለን፣ አንዱን በቀኝ ጆሮዬ፣ አንዱን በግራ ጆሮዬ አፍ ላይ እሰካለሁ። ሽቦው በአንገቴ ሥር ወርዶ ኮት ኪሴ ውስጥ ካለው መቅጃ ጋር ይገናኛል። ከዚያ ዝም ብዬ ከተማውን እዞራለሁ። በቱነልባና፣ በምድር ውስጥ ባቡሩ፣ እሄዳለሁ፣ ደረጃ እወጣለሁ። በኋላ በማዳመጫ ስትሰማው በግራ የነበረው በግራህ፣ ሩቅ የነበረው ሩቅ፣ ከኋላህ የነበረውም ከኋላህ ሆኖ ይመጣል። ተራ መቅጃ ድምፁን ብቻ ነው የሚይዘው። ይኸኛው ክፍሉን ራሱን ይዞልህ ይመጣል።

ጣጣው ማይክሮፎኑ የዋክማን ማዳመጫ መምሰሉ ነው። የሚያየኝ ሰው ሁሉ ዘፈን የምሰማ ይመስለዋል። እኔም አላስረዳም፤ ማስረዳት ሰልችቶኝ ነበር።

እህቴ የምትኖረው ሜርስታ ነው። ባሏ አርላንዳ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ ይጭናል፣ እሷ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ትሠራለች። የቤታችን የመጀመሪያ ልጅ እሷ፣ የመጨረሻው እኔ ነን። እታለም ነው የምላት። ወደ ስዊድን ያመጣችኝም፣ ከአገሩ ጋር ያላመደችኝም እሷ ናት። ሙዚቃዬን "ያ ጩኸትህ" ትለዋለች። አንድ ቀን የዳቦ ሳጥኑን ይዤ ቤቷ ብሄድ በር ላይ አስቆመችኝ። "ጩኸት ቤቴ አይገባም። አታሟርትብኝ" አለችኝ። እኛ አገር ከአንድ ቤት ጩኸት ከተሰማ ሰፈሩ የያዘውን ጥሎ ነው የሚሮጠው፤ ማን ሞተ ብሎ። ሳቅኩባት። ሳጥኑ ግን ሳሎን ሳይገባ ደረጃው ላይ ዋለ።

በዚያ መኸር እማዬ ታመመች። ደሴ የምንደውለው አክስታችን ጎረቤት ወዳለ ሱቅ ነው፤ ባለሱቁ ልጅ ይልክና አክስታችን ተጠርታ ትመጣለች። መጀመሪያ "ጉንፋን ነው" አለች። ቀጥላ "ኩላሊት ነው፣ መድኃኒት ተሰጥቷታል" አለች። የመኖሪያ ፈቃዴ ገና መውጣቱ ነበር፤ ከአገር ከወጣሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ መሄድ የምችል ሰው ሆኛለሁ። ልነሳ ስል እህቴ ከለከለችኝ። "እየተሻላት ነው። ደንግጠህ ብትሄድባት ልሞት ነው ብላ ታስባለች። ያንን ትርኢትህን ጨርስና ተረጋግተህ ሂድ" አለችኝ።

ትርኢቱ መሀል ከተማ፣ ሶደርማልም ሰፈር ባለች ትንሽ የሥዕል ማሳያ ውስጥ ነው። በአራቱ ማዕዘን አራት ስፒከር አቁመን ሰውን መሀል ልናስቀምጥ፣ እኔና ሹፌሩ ዓመት ሙሉ ለፍተንበታል። ስለዚህ እሺ አልኩ። ግን ጭንቀቴ አንድ ብቻ ነበር፤ እማዬን በሕይወት እንድደርስባት። ሌላም ነገር አስቤ ነበር። ደሴ ስገባ ማይክሮፎኖቹን ጆሮዬ ላይ ሰክቼ እዚያ አሮጌ አልጋዬ ላይ ልተኛ፣ እሷ ደግሞ ከጓሮ ሆና እንደ ድሮው "አንተ፣ አትነሳም?" እንድትለኝ። የእማዬ ድምፅ የለኝም። ፎቶ አለኝ፣ ድምፅ የለኝም። ድምፅ ሠሪ ነኝ የሚል ሰው የእናቱን ድምፅ ሳይዝ መቅረቱ ያንገበግበኛል።

ኅዳር ገባ፣ ጨለመ። እዚያ አገር በኅዳር ፀሐይ ወጣች የሚባለው ለወጉ ነው። ደሴ ስደውል አክስቴ "ተኝታለች" ትለኛለች። ሌላ ጊዜ "ኮምቦልቻ ወስደናታል፣ ሙቀቱ ይሻላታል" አለችኝ። ደስ ያለው ሰው አነጋገር ነበር የምትናገረው፤ ከልክ በላይ ደስ ያለው። ስልኩን ዘግቼ ወዲያው ሜርስታ እደውላለሁ። እህቴን ስጠይቃት "ኧረ ደህና ናት፣ አንተ ደግሞ ሁልጊዜ ክፉ ነው የሚታይህ" ትለኛለች። አመንኳት። እሷን ካላመንኩ ማንን ላምን ነው?

አንድ እሑድ የሆስፒታሉ ፈረቃዬ ተለወጠና ሳልደውል ወደ ሜርስታ ሄድኩ። በፔንደልቶጉ፣ በከተማ ዳር ባቡሩ፣ የመንገደኛውን ድምፅ እየቀዳሁ ነበር የመጣሁት፤ ከባቡሩ ወርጄም፣ ደረጃውን ስወጣም መቅጃው አልጠፋም። እህቴ በር ስትከፍት ክው አለች። ሳሎኑ በሰው ሞልቷል። የወሎ ሰዎች፣ የአዲስ አበባ ሰዎች፣ ከሶደርተልየ ድረስ የመጡ ሳይቀሩ፣ ወንዱም ሴቱም ዝም ብለው ተቀምጠዋል። እኔን ሲያዩ ሁሉም በአንድ ጊዜ ማውራት ጀመሩ። "ምንድን ነው?" አልኩ። "ዱዓ ነው፣ እንዲሁ ለአገራችን ሰላም" አለ የእህቴ ባል። ከመካከላቸው የሚከበሩት አዛውንት ብድግ ብለው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። "ልጄ፣ ና፣ ሥራ እንዴት ነው?" አሉኝ። "አልሐምዱሊላህ፣ እርስዎስ እንዴት ነዎት?" አልኳቸው።

ማይክሮፎኖቹን ላወጣ ነበር፤ ተውኩት። ክፍል ሙሉ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ በአማርኛ ሲያወራ መቅዳት ከድሮ የምመኘው ነገር ነው። አንዱ ወዳጃችን "ይሄ ልጅ ዘፈኑ ውስጥ ሰምጧል" ብሎ በሽቦዬ ቀለደብኝ። ሳቅኩ። ከዚያ ስለ አንድ ያገሩ ሰው ሲተርክ ደግሜ ሳቅኩ፤ ሰውየው ሲያወራ ያስቃል። ምሳ በልቼ፣ አዛውንቱ መርቀውኝ ወጣሁ። እህቴ በር ላይ አቅፋኝ ቆየች። እንዲያ የምታቅፍ ሰው አልነበረችም። ብርዱን ፈርታልኝ መስሎኝ "ሹራብ ለብሻለሁ" አልኳት።

ማክሰኞ ከሥራ ወጥቼ መጠለያው ውስጥ ቁጭ ብዬ ቅጂውን መስማት ጀመርኩ። ሹፌሩ ጥግ ላይ ሽቦ ይበይዳል። ባቡሩ አለፈ፣ ደረጃው አለፈ፣ በሩ ተከፈተ። ከፊቴ አዛውንቱ አሉ፤ በግራዬ ያ ቀልደኛ ወሬ ይዟል። የራሴ ሳቅ ማይክሮፎኑ ጆሮዬ ላይ ስለሆነ ከሁሉም ገዝፎ ይሰማል። ከጀርባዬ በስተቀኝ፣ ወጥ ቤቱ በር ላይ፣ ሰዎች ይንሾካሾካሉ። በዕለቱ አልሰማኋቸውም፤ ቀልዱን ነበር የማዳምጠው። አሁን ግን ቀልዱን ስለማውቀው ጆሮዬ ወደ ኋላ ሄደ።

"ቀስ በሉ እንጂ፣ ይሰማል" ትላለች እህቴ።

"ምን ይሰማል፣ ጆሮውን ደፍኖ የለ?" ይላል ባሏ።

"የእናቱን መቀበር ሳያውቅ ሰው እንዲህ ይስቃል? ኧረ ነውር ነው፣ ንገሩት" ትላለች አንዲት ሴት።

"ተዉት ይሳቅ" ትላለች እህቴ። "ዓመት ሙሉ የለፋበት ነገር አለ። ዓርብ ያንን ጩኸቱን ያሳይ። ቅዳሜ ጠዋት ሽማግሌዎቹ ይነግሩታል። እኔ ችዬዋለሁ፣ እናንተም ቻሉት።"

መለስኩት። ደግሜ ሰማሁት። አሁንም መለስኩት። ቃላቱ አልተለወጡም። መጀመሪያ የተሰማኝ ኀዘን አይደለም፤ ንዴት ነው። ሜርስታ የሚያውቀውን፣ ሶደርተልየ የሚያውቀውን፣ ሻንጣ ጫኙ ሁሉ የሚያውቀውን የእናቴን ሞት እኔ አላውቅም! ሥጋና እንጀራ አብልተው፣ አስቀው፣ መርቀው ላኩኝ። ቀጥሎ ደግሞ ቃሉን ትቼ የእህቴን ትንፋሽ መስማት ጀመርኩ። ከኋላዋ ፍሪጁ ያጓራል፤ ተደግፋው ነው የቆመችው። "እኔ ችዬዋለሁ" ስትል ድምፅዋ መሀል ላይ ይቆረጣል። ፊት ለፊት ደግሞ እኔ እስቃለሁ። የእሷን ትንፋሽ ለመስማት በራሴ ሳቅ ውስጥ ማለፍ ነበረብኝ።

ሹፌሩ ፊቴን አይቶ ካውያውን አስቀመጠ። "እናቴ ሞታለች" አልኩት። ከሰው ሁሉ መጀመሪያ የነገርኩት እሱን ነው።

"ስልክ ተደውሎልህ ነው?"

"አይ፣ እዚህ ካሴት ላይ ነው። ሁሉም ያውቃሉ። ቅዳሜ ነው የሚነግሩኝ።"

ወንበሩን ወደ እኔ ሳበ። "ለምን ደበቁህ?"

"ስለሚወዱኝ!" አልኩት፣ እንደ ስድብ። መርዶን በስዊድንኛ ማስረዳት የእኔን ሙዚቃ በአማርኛ ከማስረዳት ይብሳል። እሱም አላደረቀኝም። ከቴርሞሱ ሻይ ቀዳልኝና "ትርኢቱን እንሰርዘው?" አለኝ።

እንሰርዘው ልል አፌን ከፈትኩ። ግን ብሰርዝ እህቴ እንዳወቅኩ ታውቃለች። ጥቁር ሳትለብስ፣ ሳታለቅስ፣ ሥራ ቦታዋ የሰው እናት እያጠበች፣ ከእኔ ጋር በስልክ እየሳቀች የያዘችው ነገር ሁሉ ከንቱ ሊሆን ነው። በዚያ ላይ ይህንን ሁሉ የቻለችው በፍጹም ለማትወደው ነገር ብላ ነው። "አንሰርዝም" አልኩት።

ዓርብ ምሽት ሥዕል ማሳያው ውስጥ የመጣው ሰው ጥቂት ነው፤ ሁሌም ጥቂት ነው። ጥቁር ኮት የለበሱ ስዊድኖች መሀል ላይ በርከክ ብለው ተቀምጠዋል። ልንጀምር ስንል እህቴና ባሏ ገቡ። እህቴ ሥራዬን ልታይ ስትመጣ ያ የመጀመሪያዋ ነው። ቀይ ሻሽ አድርጋለች። ሰው ከአፉ አምልጦት እንዳይነግረኝ ልትጠብቀኝ እንደመጣች ወዲያው ገባኝ። ጥግ ላይ፣ አንዱ ስፒከር ሥር ሄዳ ቆመች። "እታለም፣ እዚያ ይጮኽብሻል" አልኳት። "ግድ የለም" አለችኝ።

ሳጥኑን አስነሳሁት። ጣቴ አልቦት ስለነበር ገና ከመጀመሪያው አበደ። ባቡሩ በአራቱ ማዕዘን መዞር ጀመረ፤ ሹፌሩ ከሥር ወፍራሙን ድምፅ ለቀቀው። ወለሉ ይንቀጠቀጣል። ቀና ስል እህቴን አየኋት። ዓይኗን ጨፍናለች፤ ሻሹን በሁለት እጇ ይዛ አፏን ከፍታለች። መጀመሪያ ጩኸቱ አሟት ነው ብዬ ልቀንስ እጄን ሰደድኩ። ከዚያ የአንገቷን ጅማት አየሁ። እየጮኸች ነበር። እዚያ ስፒከር ሥር፣ አጠገቧ የቆመው ባሏ እንኳ ሳይሰማት፣ እናቷን ትጠራለች። በዚያ ከተማ ውስጥ ሳትሰማ መጮኽ የምትችልበት ቦታ ሌላ አልነበራትም።

ቮልዩሙን ጨመርኩት። ሹፌሩ ዞሮ አየኝ፤ እንደዚያ አልተለማመድንም ነበር። በዓይኔ ጨምር አልኩት፤ ጨመረ። አንድ ሰው ጆሮውን ይዞ ወጣ፣ ሌላም ተከተለው። ማቆም ካለብን ቦታ አልፈን ሄድን። እህቴ ዝም እስክትል፣ ሻሹን አስተካክላ ዓይኗን እስክትከፍት ድረስ እጄን ከሽቦው ላይ አላነሳሁም። ሲያልቅ መጥታ ግንባሬን ሳመችኝ። "ጥሩ ነው" አለች በሹክሹክታ፣ ሌላ ነገር ለማለት ድምፅ አልነበራትም። ባሏ "ብርዱ ነው" አለ።

ቅዳሜ ጠዋት ከእንቅልፌ ነቅቼ ፒጃማዬን ሳልቀይር ጠበቅኩ፤ ሲጠብቅ ያደረ ሰው እንዳልመስል። ምን እንደማደርግም አስቤበታለሁ። ደንገጥ እላለሁ፣ ራሴን እይዛለሁ፣ አለቅሳለሁ። ማክሰኞ ያወቅኩት ነገር ነው፤ እንባዬንም መጠለያው ውስጥ ጨርሼዋለሁ ብዬ ነበር። ለእህቴ ስል አንድ ጠዋት ማስመሰል አያቅተኝም።

ደረጃው ላይ ብዙ እግር ተሰማ። ከፈትኩላቸው። አዛውንቱ ከፊት፣ እህቴና ባሏ ከኋላ፣ ሌሎቹ ተከትለው ገቡ። እህቴ ጥቁር ለብሳለች። አዛውንቱ ወንበር እምቢ ብለው ፊት ለፊቴ ቆሙና ሁለቱንም እጆቼን ያዙ።

"ልጄ" አሉኝ፣ "ሰው ሆኖ የማይሄድ የለም። እናትህ ወደ አኼራ ሄደዋል። አላህ ሰብሩን ይስጥህ።"

በወጉ መሠረት ያኔ ቤቱን በለቅሶ መሙላት የነበረባት እህቴ ናት። ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። አፏን ከፈተች፤ ምንም አልወጣም። እንደገና ሞከረች። ትንፋሽ ብቻ ነው የወጣው፤ ድምፅዋን ዓርብ ጨርሳዋለች። አንዲት ሴት "ውይ፣ ደንግጣ ነው" አለች። ቤቱ ጸጥ አለ። እንደዚያ ያለ ጸጥታ አላውቅም።

የሚጋርደኝ ነገር አልነበረም። አዛውንቱ እጄን አልለቀቁም፤ ዓይኔን እያዩኝ ነው። ከካሴት ላይ፣ ከጀርባዬ፣ ለእኔ ያልተባለ ቃል ሰርቄ ሰምቼ አወቅኩ ብዬ ነበር። ፊት ለፊት ቆሞ፣ እጄን ይዞ፣ እናትህ ያለኝ ሰው ግን እስከዚያች ደቂቃ አልነበረም። ለማስመሰል ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋብኝ። "እማዬ" አልኩ፤ ቀጥሎ የወጣው ቃል አይደለም። እህቴ መጥታ ጭንቅላቴን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችው። ድምፅ ስላልነበራት የእሷንም ድርሻ ያለቀስኩላት እኔ ነኝ።